በቆጠራ ሰሞን የተነቀለው ዲስክ

«ቀላል ነገር ነው የጠየቅኩህ መምህር። ፋይልህ የትኛው ዲስክ ላይ ነው?»

«ሁሉም ላይ ነው አልኩዎት እኮ ጋሼ።»

«ሁሉም ላይ ያለ ነገር የትም የለም። እኔ ንብረት ክፍል ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ በአንድ ጊዜ ሁሉም ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ወንበር አሳየኝና አምንሃለሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። የኮሌጁ ንብረት ኃላፊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በአንድ እጃቸው ትልቁን የንብረት መዝገብ፣ በሌላው ጥቅል ቢጫ ቴፕ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። መምህሩ ጠረጴዛዎቹን በጀርባው ከልሎ ቆሟል፤ እጁ ሳያስበው ከኋላው ያሉትን ገመዶች ይዳስሳል።

«ምን ያስቅሻል አንቺ ገጣሚ?» አሉኝ። በግቢው ውስጥ በስሜ የማይጠሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን በዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ጀርባ ላይ የጻፍኩትን አራት መስመር አግኝተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለጥበቃዎቹ ካነበቡ ወዲህ «ገጣሚ» ሆኜ ቀረሁ።

«ምንም ጋሼ» አልኩ።

«ምንም ካልሆነ እንግዲህ ለመምህርሽ ንገሪው። ዲስኮቹ አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ ሁለቱም በሞዴል ሃያ ሁለት የወጪ ደረሰኝ የወጡ የመንግሥት ንብረቶች ናቸው። እያንዳንዱ ቁጥር አለው፣ ኮምፒውተር አለው፣ ቤት አለው። ቆጠራው እስከ ሰኔ ሠላሳ ማለቅ አለበት። ወደ ቤታቸው ይግቡ!»

ሆሳዕና ላይ ሰኔ ማለት ከጫማ ሥር እየተደራረበ ቁመት የሚጨምር ቀይ ጭቃ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰኔ ማለት ቆጠራ ነው። በዚያ ዓመት በላዩ ላይ ካይዘን መጣ። ለሁለት ሳምንት አዳራሽ ውስጥ ሰለጠንን፤ ዕቃ ሁሉ ቦታ እንዳለው፣ ቦታ ሁሉ ምልክት እንደሚያስፈልገው ተማርን። ብዙዎቻችን አበላችንን ወስደን ረሳነው፤ ንብረት ኃላፊው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያምኑበት የኖሩትን ነገር በመጨረሻ ሌላ ሰው ሲናገረው የሰሙ ያህል ተነቃቁ። የእኔው ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር የስቴፕለሬን ቅርጽ በቢጫ ቴፕ ከበውልኛል። ስቴፕለሯን ወደ ግራ ካስጠጋኋት በመስኮት ያዩኛል።

መምህሩ ደግሞ የቦታ ጠላት ነበር።

የአንጋጫ ልጅ ነው። አባቱ በአሮጌ አይሱዙ ድንችና እህል ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና፣ ከዚያም ገበያው እንደሆነ ወደ ጃጁራ ወይም ወደ ፎንቆ ይጭኑ ነበር። እሱ በኮሌጁ ኮምፒውተር ያስተምሩ ከነበሩት መምህራን ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ነበር፤ አራት ዓመት ብቻ ስለሚበልጠኝ «እርስዎ» ስለው ይቆጣል። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ የመመረቂያ ጥናቱን እኛ ጋ ይሠራል። የሚሠራበት ክፍል ከእሱ በፊት የጠመኔ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳውን በእጅህ ብትነካው አሁንም መዳፍህ ይነጣል። በሩ ላይ ግን በኤ ፎር ወረቀት አትሞ፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ «ዳታ ሴንተር» ብሎ ለጥፏል። ከውስጥ ክዳናቸው የተነሳ ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ በየሆዳቸው ከሌሎች ኮምፒውተሮች የተነቀለ ሁለት ሁለት ዲስክ፣ ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኙ ሦስት ስዊቾች፣ አንድ ከመምህራን ክፍል የተወሰደ ቬንቲሌተር። መስኮቱ ወደ ጓሮው እንሰት ይከፈታል። የሚወገዱ ዕቃዎች ክምር ውስጥ ያገኛቸውን ነው አንድ በአንድ ጠግኖ ያቆማቸው።

ሐሳቡን ለእኔ ያስረዳኝ መናኸሪያ ቆመን ነው። «እዪ» አለኝ፤ «ሾፌሩ ሁሉ በየፈቃዱ ቢሄድ አሥሩም ጃጁራ ይሄዱና ፎንቆ የሚሄድ ይጠፋል። ስዊቾቻችን እንደዚያ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሳጥን መንገዱን ለብቻው ነው የሚወስነው። ያንን ተራ አስከባሪ ታይዋለሽ? እሱ አይነዳም፤ ግን ሁሉንም ያያል። እኔ ውሳኔውን ከሳጥኖቹ ሆድ አውጥቼ ለአንድ ፕሮግራም ሰጠሁት። ዲስኮቹንም እንደዚያው። ፋይሉ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ነው። አንድ ዲስክ ቢሞት ፕሮግራሙ የሞተውን ቁራጮች ከሌሎቹ ላይ ፈልጎ እንደገና ሁለት ሁለት ያደርጋቸዋል።»

«ማን ያዘዋል?»

«ማንም። ራሱ ነው።»

ይህ «ራሱ ነው» የሚለው ቃል ከብዙ ግጥም የበለጠ አስደስቶኝ ነበር። ያን ጊዜ ከቴክኒክና ሙያ ዲፕሎማ ይዤ የወጣሁ፣ ኮምፒውተር ፎርማት እያደረግኩ ደመወዝ የምበላ፣ ሌላውን ሰዓት ሁሉ ስንኝ የምፈልግ ልጅ ነበርኩ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ቤት የምናወራው በሀዲይኛ ነው፤ የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ ቤት መምታት የተማርኩት የተቀደዱ የትምህርት ቤት መጻሕፍትን ደጋግሜ በማንበብ ነው። መምህሩ ማከማቻውን የሚሞላበት ነገር ሲያጣ ግጥሞቼን ሰጠሁት። እያባዛ ሺህ ጊዜ ገለበጣቸው። የእኔ ስለ ዝናብ የተጻፉ ስንኞች ተቆራርጠው በአሥራ ሁለት ዲስክ ላይ ተበትነው፣ ስጠራቸው ተሰብስበው ሲመጡ ማየት እንዴት ያለ ደስታ እንደነበር አሁን ለሰው ማስረዳት ያስቸግረኛል። ዛሬ ፎቶዎቼ የት አገር፣ በማን ቤት እንደተቀመጡ አላውቅም፤ ስልኬን እነካለሁ፣ ይመጣሉ። ሲመጡ ግን አይደንቀኝም። ያኔ ይደንቀኝ ነበር።

በከተማው ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ብቸኛ ሰው መምህሩ ነበር። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ማከማቻው በስንት ደቂቃ ራሱን እንደጠገነ ይመዘግባል። ከየካቲት እስከ ሰኔ አራት ወር መዘገበ። ግንቦት ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ሲመጣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ዲስክ አልነሳ አለ፤ ቀሪዎቹ ግን አንድ ፋይል ሳይጎድል ተነሱ። መምህሩ ያን ቀን ከሱቅ ብስኩት ገዝቶ ለጥበቃዎቹ ሳይቀር አደለ፤ ከአንዱ ዲስክ ሞት ይልቅ የቀሪዎቹ መነሳት ነበር የታየው። ምትኩን ከሚወገዱት ክምር አገኘንለት። «ይቺ ሦስት ቀን ምዕራፍ አራቴ ናት» አለኝ። «ከተማዋ የጣለቻቸው ኮምፒውተሮች የከተማዋን ወረቀት ሁሉ መያዝ እንደሚችሉ የማሳየው በእሷ ነው። የዱራሜ ሆስፒታል፣ የጃጁራ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ሰርቨር እስኪገዛለት አይጠብቅም።» ጥናቱን እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላስገባ የትምህርት ጊዜው ያልቅበታል። ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ንብረት ኃላፊው መዝገባቸውን ይዘው የመጡት ያኔ ነው።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። ሁለቱም ድምፃቸው ከፍ እያለ ሲሄድ መሀል ገባሁ።

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ ዊጆ አላቸው አይደል?»

«አላት። ምን አገናኘው?» ዊጆ የሴቶች የቅቤ ማኅበር ነው። በየሳምንቱ ሁሉም ከየላሟ ያገኘችውን አዋጥታ ለአንዷ ተረኛ ትሰጣለች፤ እንዲህ እየዞረ ለሁሉም ይደርሳል። መስቀል ሲደርስ አተካናው፣ ያ የበዓሉ የቡላ ምግብ፣ በቅቤ የሚዋኘው በዚያ ነው።

«ተረኛዋ ማሰሮ ውስጥ ያለው ቅቤ የየትኛዋ ላም እንደሆነ ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

ትንሽ አሰቡ። «አታውቅም። ግን ማን እንዳመጣና ማን እንዳላመጣ ጥርት አድርጋ ታውቃለች!»

መምህሩ ሳቀ። ጾም ላይ ነበር፤ ረመዳን ከሰኔ ጋር የገጠመበት ዓመት ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ግን ሳቀ። «እሱን ደግሞ ይቺ ታውቃለች» ብሎ ፕሮግራሙ የሚሠራባትን፣ ጥግ ላይ ያለችውን ኮምፒውተር አሳያቸው። «እኔም የምለው ይህንኑ ነው ጋሼ።»

«እሺ፣ አንዷ ላም ብትነጥፍስ?»

መልሱን ለመምህሩ መተው ነበረብኝ። እኔ ግን ንግግሬ ስለሠመረልኝ ልቤ አብጦ ነበር። «ይንቀሉና ይዩዋ! ደስ ያለዎትን አንዱን ይንቀሉ፤ ምንም አይሆንም።»

መምህሩ አየኝ። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ፤ እሱም የልጅ ነገር ይዞት ነበር። «አንድ ብቻ» አለ።

ንብረት ኃላፊው መነጽራቸውን አውርደው ስቲከሮቹን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ከመዝገባቸው ጋር አስተያዩ፤ አንዱን መረጡና እንደ ጥርስ ነቀሉት። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ምልክት መጣ። መምህሩ አንዱን ግጥሜን ከፈተ። አንድ ቃል ሳይጎድል፣ ሙሉ ሆኖ መጣ።

«እህ!» አሉ። ጎንበስ ብለው ሁለት መስመር አነበቡ። «አንቺ፣ ይኼ ጭቃ የሚለው የእኛን ግቢ ነው?»

«የእኛን ነው።»

«እውነትሽን ነው። ግቢው ጭቃ ነው።» ዲስኩን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ ካልጎዳህ ይህን ልውሰድ መምህር። ቢያንስ አንዱ ቤቱ ይግባ፤ የሌሎቹን እንነጋገራለን።» መምህሩ እጁን ዘረጋላቸው፤ ተጨባበጡ። ክርክሩ አለቀ ብዬ ነበር።

ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መምህሩ ለሶላት ሊወጣ ሲል ስክሪኑን አሳየኝ። ፕሮግራሙ የተነቀለውን ዲስክ ቁራጮች እንደገና ሁለት ሁለት ማድረግ ጀምሯል። «እስከ ነገ ጠዋት ሌላ እንዳይነኩብኝ ንገሪያቸው። አሁን ብዙው ቁራጭ አንድ አንድ ነው ያለው። ይጨርስ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

ንብረት ክፍል እኔ ከምሠራበት የኮምፒውተር ላብራቶሪ በሁለት መቶ እርምጃ ይርቃል። ልሄድ ተነስቼም ነበር። ግን ዊጆው በጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ ስንኝ ይሆን ጀመር፤ ዝናብም ጣለ። ሲያባራ እሄዳለሁ ብዬ ላብራቶሪው ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ። ያማረ ግጥም ነው ብዬ አምን ነበር።

እየጻፍኩ ሳለ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አንድ ኮምፒውተር ተሸክሞ ገባና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠ። ክዳኑ በብሎን ታስሯል፤ ላዩ ላይ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል፦ «በደንብ ጸድቶ፣ ፎርማት ተደርጎ ለቆጠራ ይቅረብ»። በዚያ ሳምንት እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች በቀን አምስት ስድስት ይመጡልኝ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ሲዲውን ከተትኩ። ሁለት ዲስክ አሳየኝ፤ ሁለቱንም መረጥኩ። ፈጣኑን ሳይሆን ሁሉንም ጠርጎ የሚሰርዘውን ሙሉውን ፎርማት አዘዝኩ፤ «በደንብ ጸድቶ» ሲሉ ያንን ማለታቸው እንደሆነ ስለማውቅ። መስመሩ እየሞላ ሲሄድ እኔ ለ«ማሰሮ» ቤት የሚመታ ቃል እፈልግ ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መምህሩ ጠራኝ። ስክሪኑ ቀይ ነበር።

«ሁለተኛ ዲስክ ወስደዋል» አለኝ። «አልነገርሻቸውም?»

«ዝናብ ነበር» አልኩ።

የአራት ወሩን መዝገብ የያዘውን ፋይል ከማከማቻው ሊከፍት ሞከረ፤ እምቢ አለ። ደግሞ ሞከረ። ይናደዳል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ፈገግ አለ። «አትፍሪ፣ አልጠፋም። የጎደሉት ቁራጮች ዲስኮቹ ላይ አሉ፤ መልሰን ስንሰካቸው ይነሳል። እንዲያውም ጥሩ ሙከራ ነው፤ እጽፈዋለሁ። ሂጂና አምጫቸው።»

«ሌላ ኮፒ የለህም?»

«የመጀመሪያውን ሁለት ወር ለአማካሪዬ አትሜ ሰጥቼዋለሁ። ሌላው እዚህ ነው። እሱ ራሱ ኮፒ አይደል እንዴ?»

እየሮጥኩ ወጣሁ። ንብረት ኃላፊው መዝገባቸው ላይ አጎንብሰው ነበር። ሁለተኛውን ለምን እንደወሰዱ ስጠይቃቸው ገረማቸው፤ ገጹን ወደ እኔ አዞሩልኝ። «ይኸው፣ አንብቢ። ይኼ ኮምፒውተር የወጣው ከሁለት ዲስክ ጋር ነው። አንዱን ብቻ መልሼ ሁለት ብዬ ልፈርም? ደግሞ ስነቅለው ምንም አልሆነም፤ አንቺው ነሽ ያልሽኝ። ቁልፍ ስላለኝ በምሳ ሰዓት ገብቼ ወንድሙን አመጣሁለት። ሰክቼ፣ ብሎኑን አስሬ…»

«የት ነው ያለው?»

«ለፎርማት ላክሁት እንጂ። አንቺ ጋ ነው ያለው።»

ወደ ዳታ ሴንተሩ የተመለስኩት በላብራቶሪው በኩል ዞሬ ነው። ምናልባት መስመሩ አልሞላ ይሆናል፣ ምናልባት መብራት ጠፍቶ አቋርጦት ይሆናል ብዬ። ያን ቀን መብራቱ አልጠፋም። ኮምፒውተሩ አዲስ የተጫነለትን ንጹሕ ሰማያዊ ገጽ ከፍቶ ይጠብቀኛል፤ ሰዓቱን እንዳስተካክል ይጠይቀኛል። ከጎኑ ያለው ወረቀት ላይ አሥራ ስድስት መስመር ግጥም አለ። እርጥብ መስኮቱን እያየሁ ትንሽ ቆምኩ። ንብረት ኃላፊው ከኋላዬ ደርሰው ነበር፤ ፊቴን ሲያዩ ያለ ጥያቄ ገባቸው።

አብረን ገባን። መምህሩ ቦታ አዘጋጅቶ፣ ሁለቱን ገመድ በእጁ ይዞ ተቀምጧል።

«አምጪያቸዋ።»

«ፎርማት አድርጌያቸዋለሁ» አልኩ።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

ገመዶቹን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። እንባዬ መጣ። ንብረት ኃላፊው በሀዲይኛ «አታልቅሺ» አሉኝ፤ ለእኔ ብቻ ብለው በጆሮዬ። መምህሩ የሚናገረው ከምባትኛ ቢሆንም የእኛን ቋንቋ ግማሹን ይሰማል።

«ይተዋት ጋሼ፣ ታልቅስ። ይገባታል» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነበረበት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው መምህር» አሉ እሳቸው። «ዲስኩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። በቆጠራ ምክንያት መረጃው ተሰርዟል ብዬ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ። ጊዜ ይጨምሩልሃል።»

«አይጨምሩም ጋሼ። እነሱ ማኅተም አይደለም የሚፈልጉት፤ ቁጥር ነው።» ከዚያ ለራሱ በሚመስል ድምፅ «የግንቦቷ ሦስት ቀንስ?» አለ። «ሄጄ ሦስት ቀን መብራት አጥፉልኝ ልበል?»

ማናችንም አልሳቅንም።

ላፕቶፑን ከፈተ። ጽሑፉን አወጣ። ከጀርባው ቆሜ ስለነበር ሁሉንም አየሁ። ምዕራፍ አራት ላይ ደረሰ፤ ቁጥሩ ገና ያልገባበትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አጠቆረው፤ ጣቱ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ሰረዘው። ከዚያ ወደ መደምደሚያው ወርዶ የከተማውን ወረቀት፣ የዱራሜን ሆስፒታልና የጃጁራን ትምህርት ቤት የሚያነሳውን አንቀጽ አንድ ጊዜ አነበበና እሱንም አጠፋ። የቀረው የሁለት ወር ውጤት ነበር፤ ለመመረቅ የሚበቃ፣ ማንንም የማያሳምን። እኔ ስንት ግጥም ቀድጃለሁ፤ ስቀድድ ግን ሁልጊዜ ሌላ እጽፋለሁ ብዬ ነው። እሱ ሲሰርዝ እንደዚያ ያለ ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም።

«መምህር፣ እንደገና እንጀምረው» አልኩ። «እኔ እመዘግባለሁ። ክረምቱን ሙሉ እዚሁ ነኝ። ባሉት አሥር ዲስኮች…»

«ለየትኛው ጥናት?» አለኝ። ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ጃኬቱን ለበሰ። ንብረት ኃላፊው ከበሩ ላይ ዘወር አሉለት፤ መዝገባቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈውት ነበር። አጠገባቸው ሲደርስ ቆመ።

«የቀሩትን አሥር ይውሰዱ ጋሼ። ወደየቤታቸው ይግቡ።»

«ዲስኮቹ ይቆዩ፤ ምን ያስቸኩልዎታል» አሉ፤ ካወቅኳቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መምህሩን «አንተ» ማለት ከብዷቸው። «ሰኔ ሠላሳ ገና ነው።»

መምህሩ አንገቱን ነቀነቀና ወጣ። በሩ ቀስ ብሎ ከኋላው ተዘጋ።